በወንዝ አፍ ላይ የሚታሰሩ የውኃ መለኪያዎች፦ ከትንሹ አቃቂ እስከ ጣና

የአንድን ወንዝ ውኃ ጠባይ ለማወቅ በዓመት ስንት ጊዜ መለካት ይበቃል የሚለው ጥያቄ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም የውኃ ጥናት ተቋማት ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ አሠራራቸውን ደግመው እንዲመረምሩ ያስገደዳቸው ይኸው ጥያቄ ነው። በነባሩ ዘዴ ባለሙያው ጠርሙስ ይዞ ወደ ወንዙ ይወርዳል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ናሙናውን በቀዝቃዛ ሣጥን አድርጎ ወደ ላቦራቶሪ ይወስዳል፣ ውጤቱም ከቀናት አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ በሠንጠረዥ ተጽፎ ይወጣል፤ ሠንጠረዡ የሚናገረውም ውኃው በተቀዳበት ደቂቃ ስለነበረው ሁኔታ ብቻ ነው። በአዲሱ ዘዴ መለኪያው ራሱ ውኃው ውስጥ ይኖራል፤ በመልሕቅ በታሰረ ተንሳፋፊ፣ በድልድይ ምሰሶ ወይም ዳር ላይ በተተከለ ብረት ተይዞ በየ15 ደቂቃው ወይም በየሰዓቱ እያነበበ ቁጥሩን በስልክ መረብ ይልካል። ይህ ዳሰሳ ሁለተኛው ዘዴ ያደገበትን የባሕር ዳርቻ ሁኔታ በአጭሩ ካየ በኋላ፣ ባሕር በሌላት ኢትዮጵያ፣ በተለይም ከአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከኮልፌ ቀራንዮው ዓለም ባንክ አካባቢ አንሥቶ በትንሹ አቃቂ በኩል እስከ አባ ሳሙኤል በሚወርደው የውኃ መንገድ ላይ፣ ዘዴው ምን ሊያስገኝና ምን ሊያስገኝ እንደማይችል ይመረምራል።

ዘዴው በስፋት የተፈተነው ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት፣ የወንዝ አፍ በሚባለው ሥፍራ ነው። በዚያ ከየብስ የሚመጣው ጣፋጭ ውኃ ጨዋማውን የባሕር ውኃ ያገኘዋል፤ ጨዋማው ከባድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከሥር ሰርጎ ሲገባ ጣፋጩ ከላዩ ይንሳፈፋል፤ በጨረቃና በፀሐይ ስበት ባሕሩ በአብዛኛው ዳርቻ በቀን ሁለት ጊዜ ሲሞላና ሲሸሽ ደግሞ የሁለቱ ውኃ ድንበር ወደ የብስና ወደ ባሕር ይመላለሳል። በመሆኑም በአንድ ሥፍራ ጠዋት የተቀዳው ናሙና የወንዙ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ የተቀዳው ደግሞ የባሕሩ ሊሆን ይችላል፤ በወር አንድ ጊዜ የሚመጣ ናሙና ቀጂም የቁጥሩ ለውጥ ከብክለት ይምጣ ወይም ከባሕሩ ሙላትና ሽሽት፣ ለይቶ ማወቅ አይችልም። በአሜሪካ የተጠበቁ የወንዝ አፎችን ለጥናት የሚያስተዳድረው ብሔራዊ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1995 በሁሉም ጣቢያዎቹ አንድ ዓይነት መለኪያ በአንድ ዓይነት ደንብ እንዲሠራ ማድረግ የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። የሞንተሬይ ቤይ የባሕር ምርምር ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ኤልክሆርን ስላው በተባለው የካሊፎርኒያ የወንዝ አፍ ውስጥ በመልሕቅ የታሰሩ ጣቢያዎችን አኑሮ፣ ከእርሻ የሚታጠብ ናይትሬት በባሕሩ ሙላትና ሽሽት እየተገፋ እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ በሰዓት በሰዓት ማየት ችሏል።

ከእነዚህ ሁሉ ለአዲስ አበባ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ምናልባት የለንደኑ የቴምዝ ወንዝ ታሪክ ነው። ቴምዝ እ.ኤ.አ. በ1957 ሕይወት እንደሌለው ወንዝ ተቆጥሮ ነበር፤ የፍሳሽ ማጣሪያዎቹ ከተሻሻሉ በኋላ ዓሣው ቢመለስም፣ በበጋ ዶፍ ሲዘንብ የፍሳሽ ቦዮቹ ሞልተው ወደ ወንዙ መትረፋቸውና ኦክሲጅኑን በሰዓታት ውስጥ ማሟጠጣቸው አልቀረም። በወንዙ አፍ ላይ የተተከሉት ቋሚ መለኪያዎች ይህን መውረድ ወዲያውኑ ስለሚያሳዩ፣ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኦክሲጅን ወደ ውኃው የምትነፋ መርከብ ቁጥሩ ወደ ወረደበት ሥፍራ ትላክ ጀመር። መለኪያው ትርጉም ያገኘው መርከቧ ስላለች ነው፤ ቁጥሩን ተቀብሎ የሚነሣ እጅ በሌለበት ሁሉ ግን በየ15 ደቂቃው የሚመጣው ንባብ ከመዝገብ ያለፈ ፋይዳ አይኖረውም። ይህ ነጥብ ወደ አቃቂ ሲመለሱ ደግሞ ይነሣል።

መለኪያዎቹ የሚያነቡት ነገር ምን እንደሆነ ሳይብራራ ስለ ጥቅማቸው መናገር አይቻልም። ቀላሉና አስተማማኙ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ነው፤ በውኃ ውስጥ የተሟሟ ጨው ሲበዛ ውኃው ኤሌክትሪክን የማሳለፍ ችሎታው ስለሚጨምር፣ በሁለት ብረቶች መካከል ያለውን ፍሰት በመለካት የጨውን ብዛት መገመት ይቻላል። የባሕር ውኃ በሴንቲሜትር ወደ 50,000 ማይክሮሲመንስ ሲደርስ የጣና ውኃ ከ200 በታች ነው። አስተላላፊነት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ልዩነት ወደ 2 በመቶ ገደማ ስለሚለዋወጥ፣ ንባቡ ሁልጊዜ ወደ 25 ዲግሪ ተመልሶ ይጻፋል። የውኃውን አሲድነት ወይም አልካሊነት የሚያመለክተው ፒኤች ደግሞ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ በሚታወቀው የመስታወት ኤሌክትሮድ ይለካል፤ መስታወቱ እያረጀና እየቆሸሸ ሲሄድ ንባቡ ቀስ በቀስ ከእውነቱ ስለሚርቅ፣ ፒኤቻቸው አስቀድሞ በሚታወቅ ፈሳሾች በየጊዜው መታረም አለበት።

በወንዝ ጤና ላይ ብዙ የሚናገረው የተሟሟ ኦክሲጅን ነው። የሃንጋሪው ኬሚስት ላዮሽ ዊንክለር እ.ኤ.አ. በ1888 ያወጣው በጠርሙስ ውስጥ የሚከናወን ዘዴ እስከ ዛሬ ድረስ የሌሎቹ ሁሉ ማመሳከሪያ ሆኖ ይኖራል፤ ሆኖም ውኃ ውስጥ ሊኖር የሚችል መለኪያ ለማግኘት እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ መጠበቅ ግድ ነበር። ዛሬ በቋሚ ጣቢያዎች ላይ የበዛው በብርሃን የሚሠራው ዓይነት ነው፤ ሰማያዊ ብርሃን ያረፈበት ልዩ ቀለም ቀይ ብርሃን እየረጨ ሲያበራ በአጠገቡ ያለው ኦክሲጅን ያን ብርሃን ያደበዝዘዋል፤ ብርሃኑ በደበዘዘና ቶሎ በጠፋ መጠን ኦክሲጅኑ የበዛ መሆኑ ይታወቃል። ድፍርስነት በብርሃን መበተን፣ ናይትሬት በአልትራቫዮሌት ብርሃን መዋጥ፣ አሞኒየም ለእርሱ ብቻ በተሠራ ኤሌክትሮድ ሲለካ፣ አልጌዎች ደግሞ በውስጣቸው ያለው ቀለም በሚረጨው ብርሃን ይታወቃሉ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ቱቦ ላይ ተገጥመው ሊሸጡ ይችላሉ፤ በአንድ ቱቦ ላይ መገጠማቸው ግን እኩል አስተማማኝ አያደርጋቸውም። ሙቀትና አስተላላፊነት ለወራት ሳይበላሹ ሊያነቡ ሲችሉ፣ የአሞኒየም ኤሌክትሮድ በቆሸሸ ውኃ ውስጥ በሳምንታት ጊዜ ከመንገዱ ሊወጣ ይችላል።

ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር በር የላትም፤ ከታላላቅ ወንዞቿ አንዱ የሆነው አዋሽም ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በጅቡቲ ድንበር ባለው የአቤ ሐይቅ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም። ሁለት ዓይነት ውኃ ተገናኝቶ የሚቀላቀልበት፣ የአንዱ ኬሚስትሪ በሌላው የሚለወጥበትና ድንበሩ የሚዋዥቅበት ሥፍራ ግን ሞልቶ አለ፤ የወንዝ አፍ ጥናት ዋና ጉዳይም ባሕሩ ራሱ ሳይሆን ይህ መቀላቀል ነው። በዚህ ረገድ ሦስት ሥፍራዎች ጎልተው ይታያሉ፤ ትንሹና ትልቁ አቃቂ የሚገናኙበት አባ ሳሙኤል፣ ዋና ዋናዎቹ ገባር ወንዞች ወደ ጣና የሚገቡባቸው አፎች፣ እንዲሁም ጨዋማው የበሰቃ ሐይቅ በመተሐራ አቅራቢያ ከአዋሽ ጋር የሚቀላቀልበት ሥፍራ።

ትንሹ አቃቂ ምንጩን ከከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ከፍታዎች ያነሣል፤ የላይኛው ክፍሉ የገፈርሳ ግድብን የሚሞላው ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በኮልፌና በመካኒሳ በኩል አልፎ በላፍቶና በቃሊቲ አቅጣጫ ይወርዳል። በዓለም ባንክ፣ በአየር ጤናና በጀሞ ዙሪያ ካሉት ሠፈሮች የሚወርዱ ጅረቶችም ወደዚሁ ተፋሰስ ይገባሉ። የእነዚህ ጅረቶች ሸክም በአብዛኛው የመኖሪያ ቤት ሸክም ነው፤ ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሚሰርግ፣ ከልብስና ከዕቃ ማጠቢያ የሚደፋ፣ ከጋራዥና ከመኪና እጥበት የሚወርድ ውኃ። ከዚህ ጥቂት ወረድ ሲል ቆሼ በሚል ስም የሚታወቀው የረጲ የቆሻሻ ክምር አለ፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎችን የገደለው ይህ ክምር ለአሥርት ዓመታት የከተማዋን ደረቅ ቆሻሻ የተቀበለ በመሆኑ፣ በዝናብ ጊዜ ከውስጡ የሚወጣው ጥቁር ፈሳሽ ከፍተኛ ጨውና አሞኒያ የያዘ ነው ተብሎ ይጠበቃል። ወደ ታች ደግሞ የቆዳ፣ የመጠጥ፣ የጨርቃ ጨርቅና የሌሎችም ፋብሪካዎች ይከተላሉ። የከተማዋ ትልቁ የፍሳሽ ማጣሪያ የሚገኘውም በዚሁ መስመር በቃሊቲ ሲሆን፣ ማስፋፊያው በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ታስቦ ተሠርቷል።

ሁለቱ አቃቂዎች በመጨረሻ በአባ ሳሙኤል ግድብ ይጠራቀማሉ። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተጀመረውና የአገሪቱ ቀዳሚ የውኃ ኃይል ማመንጫ የሆነው ይህ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ሥራ አቁሞ ቆይቶ በቻይና ድጋፍ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2016 በ6.6 ሜጋ ዋት አቅም እንደገና ተከፍቷል፤ ይሁንና ሐይቁ በደለል የተሞላና እምቦጭ የተንሰራፋበት ነው። ከዚያ የሚወጣው ውኃ አዋሽን ይቀላቀላል፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ወደ ተመረቀው ቆቃ ይደርሳል፣ ከቆቃ በታችም የወንጂን ሸንኮራ አገዳ ያጠጣል፣ ለአዳማ ከተማ የመጠጥ ውኃ ይሆናል። ከዓለም ባንክ ቦይ የሚወርድ ውኃ ከአዳማ ቧንቧ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ረጅምና በብዙ ማቅለያ የሚያልፍ ነው፤ መንገዱ ግን የተቆረጠ አይደለም።

ስለ አቃቂ ወንዞች የተጻፉ ጥናቶች ጥቂት አይደሉም። ለብዙ ዓመታት ተመራማሪዎች ከወንዙ ውኃ፣ ከደለሉና በወንዙ ከሚጠጡት የቆስጣ፣ የሰላጣና የጎመን ማሳዎች ናሙና እየወሰዱ ክሮሚየምን፣ እርሳስን፣ ካድሚየምንና ሌሎች ከባድ ብረቶችን ለክተዋል፤ የሰገራ ባክቴሪያዎችንም ቆጥረዋል። የእነዚህ ሥራዎች ድምር መልእክት የማያሻማ ነው፤ ወንዙ ከላይኛው ከፍታ ወደ ታች በወረደ ቁጥር እየቆሸሸ ይሄዳል፤ በበጋ ወራት ሲቀንስ ይከፋል፤ በክረምት ይቀጥናል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የተመሠረቱት በጥቂት ቀናት፣ በቀን ብርሃን፣ በእጅ በተቀዱ ናሙናዎች ላይ ነው። የመስክ ቡድን ከቢሮ ወጥቶ ናሙና የሚቀዳው ባብዛኛው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ፀሐይ ያረፈበት አልጌ ኦክሲጅን እያመረተ ስለሚገኝ፣ በወንዙና በሐይቁ ውስጥ ያለው ንባብ የቀኑ ሁሉ ከፍተኛ ወደሚሆንበት ይቀርባል። ኦክሲጅኑ ወደ ዝቅተኛው የሚወርደው ሕያዋኑ ሌሊቱን ሁሉ ሲተነፍሱ አድረው ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ ነው፤ ዓሣ በአንድ ጠዋት ሞቶ ሲገኝ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሚፈለገውም እዚያ ነው። ማንም በማይለካበት ሌሊት የሚለቀቅ የፋብሪካ ፍሳሽ ቢኖርም፣ የቀኑ ጠርሙስ ሊይዘው አይችልም። በዚህ ጸሐፊ ግምት ቋሚ መለኪያ ለአዲስ አበባ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ወንዙ እንደቆሸሸ ለማሳየት አዲስ ማስረጃ አያስፈልግም፤ በየትኛው ሰዓት፣ ከየትኛው ገባር በታች እንደሚቆሽሽ ግን ገና ሊነገር የሚገባው ነው።

ይህ የሰዓት ጉዳይ መለኪያው የሚቀመጥበትን ሥፍራ ይወስናል። በትንሹ አቃቂ ላይ አንድ ጣቢያ ብቻ ቢተከልና እርሱም ከፋብሪካዎቹ ሁሉ በታች ቢሆን፣ ንባቡ የመኖሪያ ቤቱንም፣ የቆሻሻ ክምሩንም፣ የቆዳ ፋብሪካውንም በአንድ ላይ ቀላቅሎ ስለሚያቀርብ ማንም ማንንም መክሰስ አይችልም። ከዓለም ባንክና ከአየር ጤና ሠፈሮች የሚመጡት ጅረቶች ዋናውን ወንዝ ከመቀላቀላቸው በፊት የሚቆም ሁለተኛ ጣቢያ ግን የቤት ፍሳሽ የራሱ የሆነውን የቀን ሥርዓት፣ ጠዋት ሰው ተነሥቶ ሲታጠብና ማታ ሲመለስ ከፍ እያለ ሌሊት የሚወርደውን ምት፣ ለብቻው ይመዘግባል፤ ከታችኛው ጣቢያ ላይ ያን ቀንሶ የሚቀረው የሌሎቹ ድርሻ ነው። ለዚህ ዓይነት ሥራ ውድ የናይትሬት መለኪያ አያስፈልግም፤ አስተላላፊነት፣ ሙቀት፣ ድፍርስነትና ኦክሲጅን ይበቃሉ። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ቆዳው እንዳይበላሽ የተነሰነሰበትን ጨው ይዞ ስለሚወጣ በአስተላላፊነት ላይ ድንገት ጎልቶ ይታያል፤ የዝናብ ጎርፍ ደግሞ በተቃራኒው አስተላላፊነትን ያወርዳል፣ ድፍርስነትን ያሻቅባል። ከረጅም በጋ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ ከሁሉ የተለየ ነው፤ በመንገድና በቦይ ለወራት የተጠራቀመውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚያጥብ፣ ውኃው እየበዛ ኦክሲጅኑ የሚወርድበት ቀን ይህ ሊሆን ይችላል።

ከባሕር ዳርቻ የመጣ መሣሪያ ወደ ከፍታ አገር ሲወጣ የሚገጥመው አንድ ችግር በመሣሪያው መመሪያ ላይ በትንሽ ፊደል ይጻፋል፤ እዚህ ግን ዋና ጉዳይ ነው። ውኃ ሊይዝ የሚችለው ኦክሲጅን በአየሩ ግፊት የሚወሰን ነው። በባሕር ጠለል ላይ በ20 ዲግሪ ሙቀት የሚገኝ ንጹሕ ውኃ በሊትር ወደ 9.1 ሚሊግራም ኦክሲጅን ሲይዝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግን ከ6.8 ሚሊግራም ብዙ አይበልጥም፤ በ1,790 ሜትር አካባቢ ያለው ጣና ደግሞ ወደ 7.3 ይደርሳል። ከዚህ የሚከተሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ የአየር ግፊቱ ያልተሞላበት መለኪያ አንድ ጤናማ የእንጦጦ ምንጭን ሩቡን ኦክሲጅን እንዳጣ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ሁለተኛና ይበልጥ ከባድ የሆነው ደግሞ፣ የከፍታ ወንዝ ሲጀምር ያለው የኦክሲጅን ስንቅ አነስተኛ ስለሆነ፣ በባሕር ጠለል ላይ ያለ ወንዝ የሚችለው የፍሳሽ መጠን እዚህ ዓሣ ሊገድል ይችላል፤ ከሌላ አገር የተቀዳ የፍሳሽ ደረጃ ለአቃቂ ይበቃል ብሎ መገመት አያዋጣም።

መለኪያው የማይችለውን ማወቅም ከሚችለው ባልተናነሰ አስፈላጊ ነው። በአቃቂ ዙሪያ ሰው ይበልጥ የሚፈራው ክሮሚየምን ነው፤ ይህን ብረት በወንዝ ውስጥ ታስሮ ለወራት በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለካ፣ ለተራ ጥቅም የበቃ መሣሪያ የለም። የሰገራ ባክቴሪያም በላቦራቶሪ ተዘርቶ በሙቀት አድሮ ካልታየ አይቆጠርም። ፍሳሽ ሲበሰብስ የሚወስደውን ኦክሲጅን ለማወቅ የሚደረገው የተለመደ ምርመራ አምስት ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ጠርሙሱ አይጣልም፤ ሥራው ግን ይለወጣል። በቀን መቁጠሪያ እየተመራ በየወሩ መጀመሪያ ከመቀዳት ይልቅ፣ አስተላላፊነት ድንገት ሲሻቅብ በራሱ የሚቀዳ መሣሪያ ወይም ስልኩ ሲጮህ ተነሥቶ የሚሄድ ባለሙያ ይይዘዋል፤ ክሮሚየሙም የሚፈለገው በትክክለኛው ሰዓት በተቀዳው በዚያ ጠርሙስ ውስጥ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ችግር ከኬሚስትሪ ይልቅ የጭቃ፣ የፌስታልና የሰው ነው። ውኃ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ሁሉ በቀናት ውስጥ አልጌ ይለብሳል፤ በብርሃን የሚለኩ መሣሪያዎች መስኮታቸው ሲሸፈን የአልጌውን ጤና እንጂ የወንዙን አይናገሩም፤ በዚህ ምክንያት አምራቾች የሚጠርግ ብሩሽና ሕያዋን የማይወዱት የመዳብ ሽፋን ይገጥሙላቸዋል። ብሩሽ አቃቂን ይችላል ወይ የሚለው ግን ሌላ ነው። በክረምት የትንሹ አቃቂ ጎርፍ ድንጋይ፣ ግንድ፣ የሃይላንድ ጠርሙስና ጨርቅ ይዞ ስለሚወርድ፣ በወንዙ መሐል በመልሕቅ የታሰረ ተንሳፋፊ የመቆየት ዕድሉ የመነመነ ነው፤ ከድልድይ ምሰሶ ጀርባ በጎርፉ ጥላ በተተከለ የብረት ቱቦ ውስጥ ማስገባት፣ ወይም ውኃውን በትንሽ ፓምፕ ወደ ዳር ቤት ስቦ እዚያ መለካት የተሻለ ነው። የፀሐይ ኃይል ሰሌዳና ባትሪ ለሌባ የሚታይ ሀብት በመሆናቸው ጥበቃ ያስፈልጋል፤ ለጥበቃው ደመወዝ፣ ለጽዳቱ በየሁለት ሳምንቱ የሚወጣ ባለሙያ፣ ለማረሚያ ፈሳሾች ግዢ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ ይከተላል። በፕሮጀክት ገንዘብ የተገዛ መሣሪያ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ አብሮ ዝም የሚለው ባብዛኛው ይህ የዓመት ወጪ በማንም በጀት ውስጥ ስላልተጻፈ ነው። አሥር ጣቢያ ተክሎ ሁለት ዓመት ከማንበብ፣ ሦስት ተክሎ አሥር ዓመት ማንበብ ይሻላል።

የጣና ሁኔታ ከዚህ በብዙ ይለያል። ሐይቁ ወደ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሆኖ ጥልቀቱ እስከ 14 ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ ነፋስ እስከ ሥሩ ሊያማስለው ይችላል፤ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ አብዛኛውን የወንዝ ውኃውን የሚያስገቡት ሲሆን በክረምት ከደጋው እርሻ የታጠበ አፈር ይዘው ይመጣሉ። ቀዝቃዛና ደለል ያዘለ ውኃ ከሐይቁ ውኃ ስለሚከብድ፣ ወደ ሐይቁ ሲገባ ከሥር ሊሰጥም ይችላል፤ ከላይ የተቀመጠ አንድ መለኪያ ከሥር የሚያልፈውን ላያይ ስለሚችል፣ በአንድ ገመድ ላይ በተለያየ ጥልቀት ብዙ መለኪያዎችን ማሰር የባሕር ዳርቻው ልምድ እዚህ በቀጥታ የሚያስተምረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና መታየቱ የተነገረውና በሰሜናዊና ሰሜን ምሥራቃዊ ዳርቻ የተስፋፋው እምቦጭ ከገባር ወንዞች በሚመጣ ንጥረ ነገር የሚመገብ በመሆኑ፣ በወንዞቹ አፍ የናይትሮጅንና የፎስፈረስ መጠን በየትኛው ሳምንት እንደሚያሻቅብ ማወቅ የዘመቻ ነቀላን ከምንጭ ቁጥጥር ጋር ያገናኘዋል። ሆኖም የክረምቱ ውኃ ድፍርስ ስለሆነ በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚሠራው የናይትሬት መለኪያ ብርሃኑ ጭቃውን አልፎ መድረስ ያቅተዋል፤ ንጥረ ነገሩ በብዛት በሚመጣበት ወር መሣሪያው ይታወራል ማለት ነው። ነፋስ የሚገፋው የእምቦጭ ምንጣፍም ተንሳፋፊውን ከነመልሕቁ ሊጎትተው ይችላል። በሐይቁ ለሚኖሩትና በክረምት ወደ ወንዞቹ ወጥተው ለሚራቡት የባርበስ ዓሦች ግን ኦክሲጅንና ድፍርስነት ብቻ እንኳ በወንዙ አፍ ቢለኩ፣ መንገዳቸው መቼ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ለባሕር ዳር ተመራማሪዎች ጥሩ ፍንጭ ይሰጣሉ።

ለእውነተኛው የወንዝ አፍ ይበልጥ የሚመስለው ሦስተኛው ሥፍራ ነው። የበሰቃ ሐይቅ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ከአሥር እጥፍ በላይ ሰፍቶ ለመተሐራ ከተማ፣ ለሸንኮራ እርሻው፣ ለአዲስ አበባ–ጅቡቲ መንገድና ለባቡር ሐዲዱ ሥጋት ሆኗል፤ ሙላቱን ለመቀነስ ውኃው ወደ አዋሽ እንዲለቀቅ ተደርጓል። የሐይቁ ውኃ ጨዋማና አልካሊ ስለሆነ ከታች ላለው መስኖ መሬት የሚያስፈራው የጨው መጨመር ነው። ምን ያህል ይለቀቅ የሚለውን የሚወስነው አዋሽ በዚያ ቀን ያለው ፍሰትና የሁለቱ ውኃ አስተላላፊነት በመሆኑ፣ ከመቀላቀያው በላይና በታች የሚቆሙ ሁለት ርካሽ የአስተላላፊነት መለኪያዎች ውኃው የሚለቀቅበትንና የሚቆምበትን ሰዓት በቀጥታ ሊመሩ ይችላሉ። ቴክኒኩ ከሦስቱ ሥፍራዎች ሁሉ ቀላል የሚሆነው እዚህ ነው።

ቁጥሩ ማን እጅ ይገባል የሚለው ደግሞ የሕግ ጥያቄ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለትን ከልክሎ ደረጃ እንዲወጣ አዝዟል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 159/2001 ፋብሪካዎችን የሚመለከት ዝርዝር አክሎበታል፤ የአዲስ አበባ አስተዳደርም በ2017 ዓ.ም. ወንዝ በሚበክሉ ላይ የገንዘብ ቅጣት የሚጥል ደንብ ሥራ ላይ አውሏል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው የሸገር የወንዝ ዳርቻ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር ዳርቻ ለማልማት ሲያቅድ፣ በዳርቻው የሚቀመጠው ሰው ውኃውን እንዲያሸትት መጠበቅ ስለማይቻል፣ የውኃው ጥራት ከሣሩና ከእግረኛ መንገዱ ጋር አብሮ መታየት ነበረበት። ይሁንና በቅጣት ጉዳይ ከመሣሪያ የሚመጣ ንባብ ብቻውን ማስረጃ ይሆናል ብሎ መተማመን ችኮላ ነው፤ መሣሪያው መቼ እንደታረመ የሚያሳይ መዝገብ የሌለው ቁጥር በፍርድ ቤት በቀላሉ ይወድቃል። የመሣሪያው ተፈጥሯዊ ቦታ የማንቂያ ደወል ነው፤ ክሱን የሚሸከመው በደወሉ የተቀዳው ጠርሙስና የላቦራቶሪው ፊርማ ነው።

በተጨማሪም ክምችት ብቻውን የብክለትን መጠን አይናገርም። በሊትር ውስጥ ያለው ሚሊግራም በሴኮንድ በሚያልፈው ሊትር ተባዝቶ ካልታየ፣ በበጋ የቆሸሸው ቀጭን ውኃና በክረምት የቀጠነው ታላቅ ጎርፍ የትኛው የበለጠ ሸክም ወደ ቆቃ እንደሚወስድ አይታወቅም። በአዋሽ ላይ ከአቃቂ መቀላቀያ በታች በሆምቦሌ የፍሰት መለኪያ ጣቢያ አለ፤ የጥራት መለኪያው ለብቻው፣ የፍሰቱ ለብቻው በሁለት ተቋማት መዝገብ ከመቀመጥ ይልቅ በአንድ ሥፍራ ቢጣመሩ፣ የአዲስ አበባ ድርሻ በቶን ሊነገር ይችላል።

የቁጥሩ ፈጣን ተጠቃሚ ግን ሚኒስቴርም ፍርድ ቤትም ላይሆን ይችላል። በአቃቂ ዳር ጓሮ አትክልት የሚያለማው ገበሬ ፓምፑን መቼ እንደሚያስነሣ የሚወስነው በውኃው ቀለምና ሽታ ነው፤ ጨውና አሞኒያ ግን ሁልጊዜ ቀለም የላቸውም። ከማሳው በላይ ባለ ጣቢያ አስተላላፊነት ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ወደ ገበሬው ስልክ የሚደርስ አጭር የአማርኛ ወይም የኦሮምኛ መልእክት ለቆስጣው ያለውን ጥቅም ለመፈተን አዲስ ቴክኖሎጂ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መልእክቱ እንዲወጣ የሚፈቅድ ኃላፊ፣ መለኪያውን በየሁለት ሳምንቱ የሚያጥብ ሰው፣ እንዲሁም ፓምፑ በቆመበት ቀን ማሳው የሚጠጣው ሌላ ውኃ ነው።